የጋሽ ቆይ አርባ ደቂቃ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረችኝ የአውሮፕላን ማረፊያችን መቆጣጠሪያ ማማ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ዝምታ ነበር የምንላት፤ በሕይወቷ ዝም ብላ ስለማታውቅ። አብዛኛውን ከእሷ ሰማሁ፣ ጥቂቱን በዓይኔ አየሁ። ያላየሁትንም እንዳየሁት አድርጌ ነው የምነግራችሁ፤ ከእኔ አሳምሮ የሚነግራችሁ ሰው እንደሌለ ስለማውቅ ነው።

እኔ ማን ነኝ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ደረጃ የነዳሁ ሰው ነኝ። ያቺ አውሮፕላኑ በር ላይ ተለጥፋ ሰው የሚወርድባት ደረጃ ራሷ መኪና ናት፣ ሾፌር አላት። ሾፌሯ እኔ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ስንት ፊደል የቆጠረ ሰው በእኔ ደረጃ ወርዷል መሰላችሁ! ሚኒስትር አውርጃለሁ፣ ሙሽራ አውርጃለሁ፣ አንድ ጊዜ እግሩ የተሰበረ ተራራ የሚያህል ቦክሰኛ በጀርባዬ አዝዬ አውርጃለሁ። እኔ ካልመጣሁ ሚኒስትሩም በር ላይ ቆሞ ክራቫቱን ሲያስተካክል ይውላል እንጂ የትም አይደርስም።

ሰው አውሮፕላን ዘገየ ሲሉት ያገኘውን ሁሉ ይሳደባል። «ሰማይ እንዲህ ሰፍቶ ምን መጨናነቅ አመጣው?» ይላል። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ሰማዩማ ሰፊ ነው። ግን አውሮፕላን እንደ ቁራ ባሻው አይበርም፤ በቁመትም በስፋትም ተለክቶ የተሰጠው መንገድ አለው። ከየአገሩ የመጣው መንገድ ሁሉ ደግሞ መጨረሻው የእኛ አንድ መንደርደሪያ ናት። ከአራት ሰፈር የመጣ ሠርገኛ በአንዲት ጠባብ በር ይግባ ሲባል አስቡት። አንዱ እስኪገባ ሌላው ውጭ ይጠብቃል። መኪና ቢሆን ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አውሮፕላን መቆም አያውቅም፤ እየዞረ ነው የሚጠብቀው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከእሱ በታች፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ በታች፣ እንደተደራረበ ሰሃን።

መዘግየት ደግሞ ይወልዳል። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ያረፈደ አውሮፕላን ማታ ሦስት ሰዓት ያረፍዳል። አልደብቃችሁም፣ አንዱን እኔ ራሴ አዘግይቼዋለሁ። ጠዋት ደረጃዬን ላስነሳ ስል ከሞተሩ ሥር ድመት ሲያለቅስ ሰማሁ። ከፍቼ ባይ እናትየው ሦስት ልጆች ወልዳ ተኝታለች። ሞተር ባስነሳ አለቁ። «አስነሳ!» ይላል አለቃው በሬዲዮ። «አራስ አለች!» እላለሁ እኔ። «ምን አራስ?» «አራስ ነዋ፣ አራስ አታውቅም?» አንድ በአንድ በካፖርቴ አድርጌ እስካወጣቸው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሄደ። አውሮፕላኑ ተራው አለፈው፣ የሄደበት አገር ሲደርስ እዚያም ተራው አልፎት አንድ ሰዓት ዞረ፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳጠፋ እግዜር ይወቅ። ሦስቱ ድመቶች ግን አድገው የዕቃ ክፍሉን አይጥ ጨርሰዋል።

ወደ ጋሽ ቆይ ልመለስ። ዝምታም እንዲህ ነው የምትለኝ፣ «አንተ ሰው፣ ወደ ነገርህ ተመለስ!»

ጋሽ ቆይ የማማው የበረራ ተቆጣጣሪ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አንተ ውረድ፣ አንተ ተነሳ፣ አንተ ቆይ የሚለው እሱ ነው። አብዛኛው ሥራው «ቆይ» ማለት ስለሆነ ስሙ ወጣለት። ፀጉር አስተካካዩን «ቆይ» ይላል፣ አስተናጋጁን «ቆይ» ይላል። ሚስት ሊያገባም ሲል ራሱን «ቆይ» ብሎ ቀረ እያሉ ያሙታል። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ መዳፉ አካፋ የሚያክል፣ ድምፁ ግን ለስላሳ። አብራሪ ተቆጥቶ ሲጮህበት እንኳ ሕፃን እንደሚያባብል ነው የሚመልሰው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህቺን ካልያዛችሁ የቀረው አይገባችሁም። ማማው ላይ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ቀጭን ወረቀት አለ፣ በላስቲክ መያዣ ውስጥ የገባ። ወረቀቶቹ ሰሌዳ ላይ በየተራቸው ቀጥ ብለው ይደረደራሉ። ጉዳዩ ያላለቀ አውሮፕላን ካለ ግን ወረቀቱን ከረድፉ ሳብ አድርገው ጋደል ያደርጉታል። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ አንዱ ጋደል ሲል ዓይን ይወጋል። «ይህን ሳትጠይቅ እንዳትለቅ» ማለት ነው። በቃ። ጋሽ ቆይ ይህ ልማድ አጥንቱ ድረስ ገብቶ ቤቱም ይዞት ይሄድ ነበር። ጠዋት ለእናቱ መድኃኒት መግዛት ካለበት ማታ አንድ ጫማውን በር ሥር አጋድሞ ይተኛል። ጠዋት ጫማውን ሲያቃና መድኃኒቱ ትዝ ይለዋል።

እናትና እህት ብቻ ነበር ያለው። እህቱ ታላቁ ናት፣ ሩቅ ከተማ አዋላጅ ነርስ። እናትየው እዚሁ ከእሱ ሁለት ሰፈር ርቀው ነው የሚኖሩት። ሁለት ሰፈር ሲባል ቅርብ ነው፤ ጋሽ ቆይ ግን የሚሄደው በወር አንዴ ነበር። «መጣሁ፣ ቆይ» ይላቸዋል በስልክ። እሳቸውም ይቆያሉ።

የእናትየው ልብ ታመመ። ልብ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋ በር አለች አሉ፤ እሷ ላላች። መቅደድና መጠገን ነው መፍትሔው ተባለ። ዶክተሩ አልደበቃቸውም። «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ከገቡ በኋላ ላይወጡም ይችላሉ» አላቸው። እሳቸው ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ፀጉሬን ልጄ ትሥራኝና ከዚያ ያሻችሁን ቅደዱ።» ልጃቸው ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከነበረች ጀምሮ ፀጉራቸውን የምትሠራው እሷ ነበረች። ሁለት ጉንጉን፣ ሌላ ምንም። እሷ ከሄደች ወዲህ በሻሽ ሸፍነው ነው የሚውሉት፤ የማንም እጅ አይነካኝም ብለው።

ቀጠሮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። እህትየው ዋዜማውን ከሰዓት ልትመጣ ነበር፤ አውሮፕላኑ ተበላሸና ለጠዋት አሳደሯት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ታርፋለች፣ ሦስት ሰዓት ሆስፒታል ትደርሳለች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፀጉር። ጋሽ ቆይ ማለዳ ሆስፒታል ሄዶ ሲያያቸው እናትየው ሻሻቸውን ፈተው፣ ማበጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለሠርግ እንደምትጠብቅ ልጃገረድ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ምን አደረገ? ሥራ ገባ። አዎ፣ በዚያን ቀን! ሕጉ ልቡ የተጨነቀ ሰው ያ ወንበር ላይ አይቀመጥም ይላል። ለአለቃው መናገር ነበረበት። አልተናገረም። እናቱ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ከሚያፍተለትል እህቱን ከሰማይ ራሱ ሊያወርዳት ፈለገ። እኔ አልፈርድበትም። እኔም ደረጃዬን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ጭጋግ ወረደ። እንዴት ያለ ጭጋግ! የራሴን ደረጃ ታችኛውን እርከን አያለሁ፣ ላይኛው የለም። መንደርደሪያው ተዘጋ። አውሮፕላኖቹ አናታችን ላይ መዞር ጀመሩ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ። ጭጋጉ ሲገለጥ ተራ ተጀመረ። የእህቱ አውሮፕላን ሰባተኛ ነበር።

ጋሽ ቆይ አሰበው። ሰባተኛው ሦስት ሰዓት ከአምስት ያርፋል፣ ሩብ ጉዳይ ለአራት ሆስፒታል ትደርሳለች፣ ሩብ ሰዓት ለሁለት ጉንጉን ይበቃል። ወረቀቷን ሁለት እርከን ወደ ፊት ቢያንቀሳቅስ ማን ያይበታል? አላንቀሳቀሰም። ዝምታ መስታወቱን እየወለወለች ታየው ነበር፤ እጁ ወደዚያች ወረቀት ሄዶ ሄዶ ይመለሳል አለችኝ። በመጨረሻ አንዲት ነገር ብቻ አደረገ። ከዓይኑ እንዳትጠፋበት ወረቀቷን ጋደል አደረጋት። ልክ እንደ ጫማው።

እነዚህ ተቆጣጣሪዎች ሁለት ሰዓት ከሠሩ በኋላ ግድ ያርፋሉ። ተተኪዋ መጣች፣ ቀጭኗ የምንላት። ልጅ እግር ናት ግን ጎበዝ፣ ነገር አይወድቅባትም። ርክክብ አላቸው፤ ወጪው አንድ በአንድ ያነባል፣ ገቢው ይደግማል። «አምስተኛው እንዲህ ነው»፣ «እንዲህ ነው»። «ስድስተኛው እንዲህ ነው»፣ «እንዲህ ነው»። ስልክ እዚያ ክፍል ስለማይገባ ጋሽ ቆይ ስልኩን ለዝምታ ሰጥቷት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ሽርጧ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሷም ከበር ውጭ ሆና በመወልወያዋ እንጨት «ና! ና!» አለችው።

«ሰባተኛው…» አለ ዓይኑ ወደ በሩ እያለ፣ ቁጥሩንና ከፍታውን አነበበ። ለምን እንደጋደለ ምንም ሳይል «ስምንተኛው» ብሎ ቀጠለ።

የደወሉት እናትየው ናቸው፣ በነርሷ ስልክ።

«ደረሰች?» አሉ።

«እየዞረች ነው እማዬ። አናታችን ላይ ናት፣ ከደመናው በላይ።»

«ስንተኛ ናት?»

«ሰባተኛ።»

«ከስንት?»

«ከዘጠኝ።»

«በልጅነቷም ሰልፍ ላይ መግፋት አታውቅም ነበር» አሉና ሳቁ። «በል እንዳትቸኩል፣ ሰው ላይ እንዳትጥላት። እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ አለሁ።»

ጋሽ ቆይ ወደ ማረፊያ ክፍል ወርዶ ሻይ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆመ። አውሮፕላን በጭራው ቀለም ያውቃል። አምስተኛው ወረደ። ስድስተኛው ወረደ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ። ቀጥሎ ከደመናው የወጣው ጭራ ቢጫ ነው። ቢጫው ስምንተኛው ነው።

ዕድሜ ልኩን ቆይ ሲል የኖረ ሰው ሊፍት መጠበቅ አቃተው። ያን ሁሉ ገላውን ይዞ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ሮጦ ወጣ።

«ጋሼ፣ እንኳን መጣህልኝ!» አለች ቀጭኗ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሳ። «ሰባተኛውን ጋደል አድርገኸው ሄድክ። ካፒቴኑን ብጠይቀው ምንም የለብኝም፣ ነዳጅም አለኝ ይላል። አለቃን ብጠይቅ አላውቅም አለ። አየር መንገዳቸው ጋ ተደወለ፣ አጣርተን እንነግራችኋለን ብለው ጠፉ። ሳላውቅ ማውረድ ፈራሁና ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን አሳለፍኩ። ምንድን ነው ያለበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ለምን ጋደለ?»

ዝምታ ስትነግረኝ፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ትቀንሳለች፤ እሷ ድምፅ ስትቀንስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እዚያ ውስጥ ያለችው እህቴ ናት» አለ። «እናቴ እየጠበቀቻት ነው።»

ቀጭኗ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። በአንድ ጣቷ ወረቀቷን አቃናቻትና ሰባተኛውን ጠራች። ምን ዋጋ አለው፣ ዘጠነኛው መሬት ሳይነካ ነፋሱ ዞረ። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው የሚያርፈው፤ ነፋሱ ሲዞር የማረፊያው ጫፍም ይዞራል፣ ሰማይ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ በሌላኛው ወገን መምጣት አለበት። ሲደመር አርባ ደቂቃ። አንድም አልጎደለ አንድም አልተረፈ፣ ጋሽ ቆይ ራሱ ነው የቆጠረው።

አሁን እኔ ልገባ ነው። ዝምታ ባልዲዋን ጥላ ወርዳ፣ እያለከለከች ደረጃዬ ጋ መጣች።

«አንተ ጉረኛ! ጉራህ ዛሬ ይታያል። የሚቀጥለው ላይ የጋሽ ቆይ እህት አለች። እናትየው ሊገቡባት ነው!»

እመኑኝ፣ ያን ቀን እንደነዳሁት ማንም ነድቶ አያውቅም። አውሮፕላኑ ሞተሩን ከማጥፋቱ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። «የማማው ሰውዬ እህት!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ቀጥ ያለች ሴትዮ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለች ወረደች። ሌላው ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ጓደኛዬ ሌላ ደረጃ በኋላ በር አስጠጋልኝ፤ እኔ እሷን ጋቢና አስገብቼ ደረጃዬን እንዳንጠለጠልኩ እስከ መውጫው በር በረርኩ። ክልክል ነው። በኋላ ደብዳቤ ጻፉብኝ። ማንበብ ስለማልችል ምስጋና ነው ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ እስከ ዛሬ አለ።

«ለምን ነው እንዲህ የዘገየነው አባባ?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«ነፋስ» አልኳት። ዋሸሁ? ነፋስም ነበረበት።

ሆስፒታል ስትደርስ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሆኗል። እናትየው አራት ሰዓት ላይ ገብተዋል። ነርሷ ማበጠሪያውን ሰጠቻት። «እስከ መጨረሻው ፈትተው ነው የጠበቁሽ። ቆቡን እኛ ነን ያደረግንላቸው» አለቻት። እህትየው ማበጠሪያውን ይዛ በዚያ በተዘጋ በር ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ ቆይ ሲመጣ የሥራ ባጁ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ለአለቃው ሁሉንም ተናግሮ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የመጣው። ለአንድ ወር አገዱት በኋላ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የጋደለ ወረቀት ምክንያቱ በአፍ ሳይነገር ርክክብ የለም ተባለ።

«ነፋስ ነው አሉኝ» አለችው እህትየው ቀና ሳትል።

«ነፋስ አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ።»

ነገራት። ከጭጋጉ ጀምሮ እስከ ቢጫው ጭራ። ስትሰማው የማበጠሪያውን ጥርስ በአውራ ጣቷ ትቆጥራለች።

«ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ? አይዞህ እንድልህ ነው?»

«ሳልነግርሽ ብቀር ዕድሜዬን ሙሉ ጋደል ብሎ ሊቀርብኝ ነው።»

«ዋ አንተና መጋደልህ!» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፣ ያን ትልቅ መዳፉን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። እናትየው በሚገፋ አልጋ ወጡ፣ አፋቸው ደርቆ፣ ፊታቸው ወረቀት መስሎ። ወጡ ግን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«መጣች?»

«መጥቻለሁ እማዬ።»

«ፀጉሬ ተንጨባሯል» አሉ፣ ተመልሰው ተኙ።

እህትየው አሥር ቀን ቆየች። መሄጃዋ ቀን ወንድሟን በረንዳ ላይ ጠራችው።

«እናቴ ወጥታልኛለች፤ ባትወጣስ ኖሮ? አልምርህም። አርባ ደቂቃዬን ትከፍለኛለህ።»

«እንዴት ብዬ?»

«አርባ ደቂቃ ላንተ ሦስት አራት አውሮፕላን ነው። ለእኔ ሁለት ጉንጉን ነው። በየሐሙሱ መጥተህ ፀጉሯን ትሠራለህ።»

«እኔ? በዚህ እጄ?»

«በዚህ እጅህ።»

«እትዬ፣ ቆይ እስኪ…»

«ቆይ የለም!»

አሁን ሳቄ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በማግስቱ ጋሽ ቆይ ዝምታን መጋዘን ውስጥ አግኝቶ ጉንጉን አስተምሪኝ አላት። ዝምታ በምን ታስተምረው? የራሷን ፀጉር እንዲነቃቅለው አትሰጠው! መወልወያዋን ገልብጣ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው፤ ክሮቹ ወደ ታች ተንዠረገጉ። «ይኸውልህ፣ እማማ ናቸው በል» አለችው። «ሦስት ቦታ ክፈል። ግራውን በመሐሉ ላይ፣ ቀኙን በመሐሉ ላይ። አትጎትት! አውሮፕላን አይደለም የምትጎትተው!» የታገደበትን ወር በሙሉ ጠዋት ጠዋት እየመጣ መወልወያ ሲሠራ ከረመ። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ትልቅ ሰውዬ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ የመወልወያ ክር ይጎነጉናል። ዝምታም ሥራዋን የምትጀምረው መወልወያዋን ከፈታች በኋላ ነበር። ታሪኩን ሁሉ የነገራት በዚያን ጊዜ ነው፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ተፈታ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ለጉድ ነበር አሉ። እናትየው መስታወት አይተው፣ «ምን በድዬህ ነው ልጄ?» አሉት። አንዱ ጉንጉን ጆሯቸው ላይ፣ ሌላው ማጅራታቸው ላይ። በሁለተኛው ሐሙስ ሁለቱም አንድ ወገን ሆኑ። በአምስተኛው እኩል ሆኑ፣ ግን ከመጠን በላይ ጠበቁና እናትየው ቅንድባቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ «የደነገጥኩ መስዬ ልዋል እንዴ?» አሉ። አልፈቱትም ግን። እንደተሰቀሉ ዋሉ። በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው፣ ከኋላቸው ቆሞ እያበጠረ፣ ስለ ጋደለችው ወረቀት ለእሳቸውም ነገራቸው። እናትየው ዞር አላሉም። «በቀስታ አበጥር» ብቻ አሉት።

እሱም በወር አንዴ ይመጣ የነበረው ሰውዬ አንድም ሐሙስ ሳያስቀር፣ ዝናብ ሳይል፣ ሰዓቱን አይቶ ይጀምራል፣ አርባ ደቂቃ ላይ ይጨርሳል። እናትየው መጀመሪያ ስለ ጎረቤት ያወሩለት ነበር፣ ከዚያ ስለ አባቱ፣ ከዚያ እሱ ራሱ የማያውቀውን የራሱን ልጅነት። ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋግረው የማያውቁትን ከኋላ ሆኖ ሰማው።

ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። እህትየው ለዕረፍት መጣች። እኔ ያኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቢሆንም ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ያለ እኔ አትወርድም ብያለሁ፣ እሷም ስቃብኛለች። አውሮፕላኑ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። «ዛሬስ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ዛሬ እውነትም ነፋስ ነው» አልኳት። ቤት ስንደርስ ሐሙስ ነው፣ ጋሽ ቆይ ከእናቱ ኋላ ቆሟል። እህትየው ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። በሩ ላይ ቆማ እጁን ታያለች። ያ አካፋ መዳፍ ነጩን ፀጉር ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ ግራውን በመሐሉ፣ ቀኙን በመሐሉ፣ አንድ ዘለላ ሳይጎትት ይወርዳል። ሲጨርስ ጫፉን በክር አሠረና ሰዓቱን አየ።

እህትየው ጠጋ ብላ ጉንጉኑን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«ከእኔ ይሻላል» አለች። «በል ወንድሜ፣ ከፍለኸኛል። ምሬሃለሁ።»

ጋሽ ቆይ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እኔም ጠርጌያለሁ፣ ምን ይደበቃል።

«አንቺ ያንቺን ማሪ» አሉ እናትየው መስታወታቸውን እያዩ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«እማዬ!» አሉ ሁለቱም ባንዴ።

«ማበጠሪያ ይዤ፣ ፀጉሬን ፈትቼ የጠበቅኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ አልማርኩትም። ገና አለበት።»

ማበጠሪያውን ከጭናቸው አነሱ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸው ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ከጠርሙሶቹ አጠገብ ማበጠሪያውን ጋደል አድርገው አስቀመጡት። ማንም አላቃናውም።